ተጓዥ አሻንጉሊት በፊንላንድ የበረዶ ወራት፦ ለአስተናጋጅ ቤተሰብ የሚሆን መመሪያ

ተጓዥ አሻንጉሊት ማለት ባለቤቱ በፖስታ ወደ ሌላ አገር ቤተሰብ የሚልከው፣ እዚያ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ከፎቶና ከማስታወሻ ደብተር ጋር ወደ ቤቱ የሚመለስ አሻንጉሊት ነው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ሕፃን ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከነመምህሩ አንድ ሙሉ ክፍል ይሆናል። መምህራን ለጂኦግራፊ ትምህርት ይጠቀሙበታል፤ ወላጆችም ልጃቸው ስለ ሌላ አገር እንዲጠይቅ ያነሳሱበታል።

እኔ የምጽፈው ፊንላንድ ካለችው ከታምፔሬ ከተማ ነው። ባለቤቴ ፊንላንዳዊ ነው፤ ቤታችን በሁለት ቋንቋ የሚያወራ ቤት ነው፤ እንግዳ አሻንጉሊት ስንቀበልም ቆይተናል። ፊንላንድም ሆነ በሌላ የሰሜን አውሮፓ አገር የምትኖሩ ወገኖች፣ በተለይ አገር ቤት ያለ የእህት የወንድም ልጅ አሻንጉሊት ሊልክላችሁ ካሰበ፣ ይህ መመሪያ ይጠቅማችኋል ብዬ አምናለሁ።

አስተናጋጆች ብዙ ገንዘብ አውጥተው አሻንጉሊቱን የአገሩ ሰሜናዊ ክፍል እስከሆነው ላፕላንድ ድረስ ሲወስዱት አይቻለሁ። ደስ የሚል ጉዞ ነው፤ ልጆቹ ደጋግመው የሚጠይቁት ግን ሌላ ሌላውን ነው። «ትምህርት ቤት የምትሄዱት በጨለማ ነው?» «በረዶው ሲረገጥ ድምፅ አለው?» «ውሻው እግሩን አይበርደውም?» የሩቅ አገር ልጅ የሚጓጓው ስለ ተራው ቀናችሁ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ሁለት ነገር ላይ ያተኩራል፦ ተራውን ቀን በደንብ ማሳየትና የልጁን አደራ ሳይጎድል፣ ሳይረጥብ መመለስ።

ለምሳሌ እንዲሆነን ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከጨርቅ የተሰፋ ትንሽ በሬ እንውሰድ። ስሙ ቡሬ ይሁን።

1. ከመላኩ በፊት ተስማሙ

ከልጁ ወላጅ ወይም ከመምህሩ ጋር በጽሑፍ ተነጋገሩ፤ የቴሌግራም መልእክት ይበቃል። ስንት ሳምንት ይቆያል? በረዶ ላይ ቢቀመጥ ይፈቀዳል? ቢቆሽሽ ይታጠብ? ፎቶዎቹን ማን ያያቸዋል፣ ቤተሰቡ ብቻ ወይስ ክፍሉ በሙሉ? የመመለሻውን የፖስታ ወጪ ማን ይከፍላል? የመጨረሻውን ጥያቄ ይሉኝታ ይዟችሁ አትዝለሉት። ከፊንላንድ ወደ ኢትዮጵያ ጥቅል መላክ ርካሽ አይደለም፤ ቀድሞ ካልተነጋገሩበት በኋላ ቅር መሰኛኘት ያመጣል።

ልጁ አቅፎት የሚተኛው አሻንጉሊት ግን አይላክ። ይህን በትሕትና፣ ግን ሳትሸፋፍኑ ንገሯቸው። ፖስታ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይጠፋል፤ በየምሽቱ «መቼ ነው የሚመጣው?» እያለ የሚያለቅስ ልጅ እንዲኖር አንፈልግም። ለጉዞ ተብሎ የተገዛ ወይም የተሰፋ ቢሆን ይሻላል። መጠኑ 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር ቢሆን በኪስ ይገባል፣ ፖስታውም አይከብድም። የሚናገር ወይም የሚያበራ ከሆነ ባትሪው ወጥቶ ይምጣ፤ ፖስታ ቤቶች በባትሪ ላይ ጥብቅ ናቸው።

ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ጥቅል በጉምሩክ ያልፋል። ላኪው በመግለጫው ላይ «ያገለገለ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ስጦታ» ብሎ ትክክለኛውን ትንሽ ዋጋ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ከግለሰብ ለግለሰብ የሚላክ፣ ዋጋው ከ45 ዩሮ ያልበለጠ ስጦታ ቀረጥም ሆነ ተጨማሪ እሴት ታክስ አይጠየቅበትም። ባዶ የተተወ ወይም «ዕቃ» ብቻ የተባለ መግለጫ ግን ጥቅሉን ያስቆመዋል።

ጊዜውን በተመለከተ ምርጫው ለእናንተ ከተተወ በደንብ አስቡበት። ሁሉም ሰው ዲሴምበርን ይመርጣል፤ ገናም ስላለ ተፈጥሯዊ ነው። ሆኖም በደቡብና በመካከለኛው ፊንላንድ ዲሴምበር ብዙ ጊዜ ጨለማና ዝናብ ነው፤ በረዶው መጥቶ ይቀልጣል፣ እንደገና ይመጣል። ታምፔሬ ውስጥ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡40 ገደማ ነው፤ 9 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። በሰሜን ጫፍ ኡትስዮኪ ደግሞ ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ጭራሽ አትወጣም። በፌብሩዋሪና በማርች መጀመሪያ ግን በረዶው ጠንክሮ ይቆያል፣ ብርሃኑም ተመልሷል፣ ልጆችም የበረዶ ዕረፍታቸው ላይ ናቸው። ልጁ «በረዶ ማየት እፈልጋለሁ» ካለ ከጃንዋሪ አጋማሽ በኋላ ይላክ፤ «ገናን» ካለ በኖቬምበር መጨረሻ ይድረስ። ሁለቱንም የሚፈልግ ከሆነ ከዲሴምበር መጀመሪያ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ያቆዩት፤ ከዚያ በላይ ግን ልጁ ይሰለቻል።

2. የመጀመሪያው ቀን

ጥቅሉን ከመክፈታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት። ስትከፍቱ ልጆቻችሁ አብረዋችሁ ይሁኑ። ከዚያ አሻንጉሊቱን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን አንሱ፤ ስፌቱ የላላ፣ ዓይኑ የተነቃነቀ ካለ አሁኑኑ ለባለቤቱ አሳውቁ። አብሮት የመጣ ነገር ሁሉ (ነጠላ፣ ትንሽ ቦርሳ፣ ደብዳቤ) በወረቀት ይመዝገብ። ይህ መዝገብ ሲመለስ ያስፈልጋችኋል።

ቤት ውስጥ አስም ወይም የአቧራ አለርጂ ያለበት ሰው ካለ አሻንጉሊቱን በፕላስቲክ ከረጢት አስራችሁ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ለአንድ ሁለት ቀን አስቀምጡት፤ የአቧራ ትሎች በዚያ ቅዝቃዜ ይሞታሉ። ሲወጣ ውጭ አራግፉት። ለልጁ አስቀድማችሁ ካልነገራችሁት ግን የበረዶ ቤቱን ፎቶ አትላኩ፤ የሚደነግጥ ልጅ አለ።

በዚያው ቀን «ደረሰ» የሚል አጭር መልእክትና አንድ ፎቶ ይላክ። የሚያምር ቦታ እስክታገኙ አትጠብቁ። ቡሬ በመግቢያው ኮሪደር ላይ፣ በተደረደሩት ቦት ጫማዎች መካከል ተቀምጦ ቢነሳ ይበቃል። ፊንላንድ ውስጥ ማንም ሰው በጫማ ወደ ቤት አይገባም፤ በበረዶ ወራት ኮሪደሩ ቦት ጫማ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ጓንትና የሚንጠባጠብ ኮት ይሞላዋል። ከዚያ አንድ ፎቶ ልጁ ስለ አገሩ ብዙ ይማራል።

3. አልብሱት፣ እሰሩት

ልብሱ ለፎቶ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም እርጥበትን ከጨርቁ ያርቃል፣ ለልጁም አለባበሳችሁን ያሳያል። ከአረጀ የሱፍ ካልሲ ኮፍያና ሹራብ መሥራት ይቻላል። የካልሲውን የላይኛውን ላስቲክ ክፍል የአንድ መዳፍ ስፋት ያህል ቁረጡ። አንዱን ጫፍ በወፍራም ክር ሰብስባችሁ አጥብቁት፤ ላስቲኩ ያለበት ጫፍ ግንባሩ ላይ ይሆናል። ቀንድ ወይም ረጅም ጆሮ ካለው በሁለቱም በኩል በመቀስ ትንሽ ቅደዱና ጠርዙን በመርፌ ዘምዝሙት፤ አለበለዚያ ሱፉ ይተረተራል። ከቀረው የካልሲ አካል እግርና እጅ የሚወጣበት አራት ቀዳዳ ስትቀዱበት ሹራቡ ይሆናል። ይህን ከልጆች ጋር ሥሩት፣ እየሠራችሁም ፎቶ አንሱ።

አንጸባራቂ አትርሱ። ፊንላንድ ውስጥ እግረኛ በጨለማ ሲሄድ አንጸባራቂ እንዲያደርግ ሕጉ ያዛል፤ በየልጁ ኮት ላይ በክር የሚንጠለጠለው ትንሽ ፕላስቲክ እሱ ነው። ለቡሬም አንድ አንጠልጥሉለት። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሲመለስም ይዞት ሊሄድ ይችላል፤ የፊንላንድ ልጅ ያለ አንጸባራቂ አይወጣም ብላችሁ ጻፉለት።

በበረዶ ወራት ትልቁ አደጋ መጥፋት ነው። ነጭ አሻንጉሊት ከተንሸራታች ላይ ወድቆ በረዶ ውስጥ ከገባ እስከ አፕሪል ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ በወገቡ ቀይ ሪቫን እሰሩ፤ ከሪቫኑ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ገመድ ቀጥላችሁ ከልጁ ቦርሳ ወይም ከእጃችሁ ጋር አያይዙት። ገመዱ በፎቶ ላይ ቢታይም ግድ የለም። የኢሜይል አድራሻችሁን በትንሽ ጨርቅ ጽፋችሁ ሪቫኑ ላይ ስፉት። የልጁን ስምና የቤት አድራሻ ግን አትጻፉ።

4. በጨለማና በብርድ ፎቶ ማንሳት

በዲሴምበር የውጭ ፎቶ የምታነሱበት ጊዜ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በረዶውም ሰማዩም አንድ ዓይነት ሰማያዊ የሚሆኑበት አጭር ጊዜ አለ። ያንን ፎቶ አንድ ጊዜ አንሱት፣ እጅግ ያምራል። በየቀኑ ግን አይሁን፤ ልጁ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይመስለዋል።

ስልኩን ከአሻንጉሊቱ ቁመት ዝቅ አድርጉ። ቆማችሁ ወደ ታች ካነሳችሁት ቡሬ የወደቀ ጨርቅ ይመስላል፤ ተንበርክካችሁ፣ አስፈላጊ ከሆነም በረዶው ላይ ተኝታችሁ ካነሳችሁት ከኋላው ጫካው ይነሣል፣ እሱም ትልቅ ሰው ይሆናል። በረዶ ሲበዛ ካሜራው ምስሉን ስለሚያጨልመው በረዶው ግራጫ ይወጣል። ስልኩ ላይ አሻንጉሊቱን በጣት ነካ አድርጋችሁ ብርሃኑን ትንሽ ወደ ላይ ሳቡት፤ በረዶው ነጭ ይሆናል።

ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲቀዘቅዝ የስልክ ባትሪ በድንገት ያልቃል። ስልኩን ከውስጥ ኪሳችሁ፣ ከደረታችሁ አጠገብ ያዙ፤ ለማንሳት ብቻ አውጡት፣ ወዲያው መልሱት። ወደ ቤት ስትገቡ ደግሞ ሙቀቱ በቀዘቀዘው ስልክና ካሜራ ላይ የውሃ ጠብታ ያስቋጥራል። ውጭ ሳላችሁ በሚዘጋ ፕላስቲክ ከረጢት ክተቱትና ቤት ከገባ በኋላ አንድ ሰዓት ሳትከፍቱ ተዉት። አሻንጉሊቱም እንዲሁ ነው፤ ፀጉሩ ላይ የተጣበቀውን በረዶ ውጭ ሳላችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉ። ቤት ገብቶ ከቀለጠ ወደ ሙሌቱ ይሰርጋል፤ ሙሌት ደግሞ በቀላሉ አይደርቅም።

ብርዱ ሲጠነክር በረዶው ከእግር ሥር ይንኳኳል፣ ይንጫጫል። ያንን ድምፅ በአጭር ቪዲዮ ቅዱና ላኩ። ከፎቶው ሁሉ ልጆቹ ደጋግመው የሚከፍቱት እሱን ነው።

በየትኛውም ፎቶ ላይ የሌላ ሰው ልጅ ፊት አይታይ። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ለማንሳት ከመምህራኑ ፈቃድ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ አሻንጉሊቱን ብቻ አንሱ ይሏችኋል። የበር ቁጥርና የትምህርት ቤት ስም ከኋላ እንዳይታይ አጣሩ።

5. ምን ታሳዩታላችሁ

ከተራው ቀን ጀምሩ። ጠዋት ጨለማ ውስጥ ገንፎ ሲበላ፤ ልጆች እንደ ብርድ ልብስ የወፈረውን ሙሉ ልብስ ሲለብሱ፤ መዋዕለ ሕፃናቱ ግቢ ውስጥ በብርዱ ሲጫወቱ። ፊንላንድ ውስጥ ልጆች በየቀኑ ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ብርድ ነው ተብሎ መቅረት እምብዛም የለም። ሕፃናትም ቢሆኑ ደህና ተጠቅልለው ጋሪ ውስጥ ውጭ ይተኛሉ። አገር ቤት ላለች አያት ይህን ፎቶ ስትልኩ ማብራሪያ ጨምሩበት፣ አለበለዚያ ልጁ ተጥሎ የተገኘ ይመስላታል። በብዙ መዋዕለ ሕፃናት ልጆች የራሳቸውን አሻንጉሊት ይዘው የሚሄዱበት ቀን አለ፤ ለቡሬ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም። ያን ቀን ስለ መጣበት አገር ልጃችሁ እንዲናገር አበረታቱት።

ትምህርት ቤት ውስጥ ምሳ ለሁሉም ልጅ በነፃ ነው፤ ከ1948 ጀምሮ እንዲህ ነው። የምሳ ትሪው አጠገብ የሚነሳ ፎቶ የአገር ቤቱን ክፍል ለረጅም ጊዜ ያወያያል። በታምፔሬ ከሆናችሁ በ2021 ሥራ የጀመረውን ቀዩን ትራም ይሳፈር፤ ሜትሶ የሚባለውን ዋናውን ቤተ መጻሕፍት ይጎብኝ፤ ፒውኒኪ ማማ ላይ ወጥቶ ትኩስ ሙንኪ ዶናት አጠገብ ይቀመጥ። ሌላ ከተማ የምትኖሩም የራሳችሁን ትራም፣ የራሳችሁን ቤተ መጻሕፍት ፈልጉ።

ቡና ግድ ነው። ፊንላንዶች ለነፍስ ወከፍ ብዙ ቡና ከሚጠጡ ሕዝቦች ግንባር ቀደም ናቸው። የሚጠጡት በጣም ለስላሳ የተቆላ ነው፤ ለኛ አፍ ይቀጥናል። ከቡናው ጋር የሚመጣው ኮርቫፑስቲ የሚባለው የተጠቀለለ ዳቦ ግን ሄልና ቀረፋ አለበት፤ ሽታው ቤታችንን ያስታውሳል። ቡሬ በአንድ በኩል ጀበና፣ በሌላ በኩል የፊንላንዶች ቡና ማፍያ ይዞ ቢነሳ ለልጁ ሁለቱም ቤቱ ይሆናሉ።

በዓላቱን በቀናቸው ያዙ። ዲሴምበር 6 የነፃነት ቀን ነው፤ ፊንላንድ በ1917 ነፃነቷን ያወጀችበት። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ በየመስኮቱ ሁለት ሻማ ይበራል። ቡሬን ከመስኮቱ ደፍ ላይ፣ ከሻማው ግን የአንድ ክንድ ያህል ርቀት ላይ አስቀምጡት፤ ጨርቅ በአንዴ ይያያዛል። ዲሴምበር 24 እኩለ ቀን ላይ ከቱርኩ ከተማ የገና ሰላም ሲታወጅ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ሩዝ ገንፎ ይበላል፣ ውስጡ አንድ ለውዝ ይደበቃል፣ ያገኘው ሰው ዕድለኛ ይባላል። በመሸ ጊዜ ዩሉፑኪ (የፊንላንዶች የገና አባት) በራሱ እግር በሩን አንኳኩቶ «እዚህ ቤት ጨዋ ልጆች አሉ?» ይላል። ያን ዕለት ሰዎች መቃብር ሄደው ለሞቱባቸው ሻማ ያበራሉ፤ በረዶ ላይ የተበተነው ብርሃን ያምራል፤ ፎቶ ካነሳችሁ ከሩቅ፣ ሰው ሳይታይ፣ አሻንጉሊቱንም መቃብር ላይ ሳታስቀምጡ ይሁን።

ከኛ ወገን ለሆነ አስተናጋጅ ደግሞ ሁለተኛ ገና አለ። የፊንላንዶች የቆየ ልማድ የገናውን ዛፍ ጃንዋሪ 13 ላይ ማንሳት ስለሆነ ጃንዋሪ 7 ላይ ታኅሣሥ 29ን ስታከብሩ ዛፉ እንደቆመ ነው። ዶሮ ወጡና ዛፉ በአንድ ፎቶ ይግቡ።

ፌብሩዋሪ 5 የብሔራዊው ባለቅኔ የሩነበርግ ቀን ነው፤ በላዩ የስኳር ቀለበትና እንጆሪ ማርማላታ ያለበት ክብ ኬክ ይበላል። ከዚያ ላስኪያይነን ይመጣል፤ የእኛ ቅበላ እንደማለት ነው፣ ከፋሲካ ሰባት ሳምንት በፊት የሚውል። ልጆች ሁሉ ኮረብታ ላይ ፑልካ በሚባል የበረዶ መንሸራተቻ ይንሸራተታሉ፣ አተር ሾርባና ክሬም የገባበት ዳቦ ይበላል። ቡሬ የሚንሸራተተው በልጁ ኮት ውስጥ፣ አንገቱ ብቻ ወጥቶ ነው።

የበረዶ ፋኖስ ግን ለብቻው ይሠራ፤ ከሁሉም ይልቅ እኔ የምወደው ሥራ ይህ ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚሆን ሌሊት ጠብቁ። አሥር ሊትር የሚይዝ ፕላስቲክ ባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ሙሉ፤ ከአፉ ሁለት ጣት ያህል ይጉደል። በረዶ ላይ አስቀምጡት፤ በረዶው ከታች ስለሚከልለው የባልዲው ሥር በቶሎ አይጠጥርም፣ ከጎንና ከላይ ግን ይጠጥራል። ጠዋት የጎኑ ውፍረት ሦስት አራት ሳንቲሜትር ሲሆን ባልዲውን በውጭ በኩል ለብ ያለ ውሃ አፍስሱበትና ገልብጡት፤ ሙሉው ይሾልካል። አሁን ከላይ የሆነው የባልዲው ሥር ስስ ነው። በቢላ ጫፍ ብሱት፣ መሃሉ ያልጠጠረውን ውሃ አፍስሱ፣ ሻማ አስገቡ። ሲበራ መስታወት ይመስላል፣ ውስጡም የታሰሩ የአየር ፊኛዎች ይታያሉ። ከግማሽ ሜትር ርቀት ላይ ቡሬን አስቀምጡና በፋኖሱ ጎን አሳልፋችሁ አንሱት። በረዶ ሰው መሥራት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሙቀቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቀን ጠብቁ፤ በከባድ ብርድ በረዶው እንደ ዱቄት ስለሚሆን አይያያዝም።

ሳውና የሌለበት የፊንላንድ ጉብኝት ሙሉ አይሆንም። ከአምስት ሚሊዮን ተኩል ሕዝብ ጋር ሦስት ሚሊዮን ያህል ሳውና ያለበት አገር ነው፤ ዩኔስኮም በ2020 በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ታምፔሬ ፒስፓላ ሠፈር ያለው ራያፖርቲ ሳውና ከ1906 ጀምሮ እየሠራ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ 80 ዲግሪ ሲደርስ በሙጫ የተጣበቀ ዓይን ይላቀቃል፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር ይጠማዘዛል። ስለዚህ ፎቶው ሳውናው ከመሞቁ በፊት ይነሳ፦ ቡሬ በእንጨት መቀመጫው ላይ፣ አጠገቡ የውሃ ባልዲውና ጭልፋው፣ ትከሻው ላይ ትንሽ ፎጣ። ድንጋዩ ላይ አይቀመጥ። ከመላካችሁ በፊት በመስታወትና በበሩ ብርጭቆ ላይ የሚታይ ሰው አለመኖሩን አረጋግጡ፤ ሳውና ውስጥ ሰው ልብስ የለውም።

ሐይቅ ላይ ስትወጡ ለአሻንጉሊቱ ሳይሆን ለራሳችሁ ተጠንቀቁ። አንድ ሰው ለመሄድ የጠጠረው ንጹሕ በረዶ ቢያንስ 5 ሳንቲሜትር መሆን አለበት፤ የፀደይ በረዶ ግን ወፍሮም ደካማ ነው። ፏፏቴ፣ ድልድይ ሥርና ሸንበቆ ያለበት ዳርቻ ሁሌም ይሳሳል። አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ውጡ፤ በረዶው ቢሰበር ጠርዙን ወግቶ ከውሃው ለመውጣት አንገት ላይ የሚንጠለጠሉትን ሹሎች ያዙ። በመሰርሰሪያ ቀዳዳ ከፍቶ ዓሣ ማጥመድ በፊንላንድ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ ጎረቤት ሲሄድ አብራችሁ ሂዱ። ቡሬ በቀዳዳው ሊገባ ይችላልና ገመዱ በእጃችሁ ይሁን።

ሰሜናዊውን ብርሃን ለልጁ ቃል አትግቡ። በላፕላንድ ጥርት ባለ ሌሊት ብዙ ጊዜ ይታያል፣ በደቡብ ግን አልፎ አልፎ ነው። ከመጣ አንሱት።

6. ማስታወሻው

በየሳምንቱ አንድ መልእክት፣ ሦስት አራት ፎቶ። ሁሉንም ለመጨረሻ ማከማቸት ልጁን ያስረሳዋል። ኢንተርኔት ውድ ለሆነበት ቤተሰብ በቴሌግራም ስትልኩ ፎቶውን በፋይል መልክ አትላኩ፤ በተለመደው መንገድ ሲላክ መጠኑ ይቀንሳል።

ጽሑፉ በአሻንጉሊቱ አንደበት ይሁን፤ አጭርና የሚዳሰስ። እንዲህ፦

«ጠዋት ተነስቼ በመስኮት ባይ ጨለማ ነው። ሌሊት መስሎኝ ተመልሼ ልተኛ ስል ልጆቹ ገንፎ እየበሉ ነው! ከዚያ ሁሉም የወፈረ ልብስ ለበሱና ወጣን። አፍንጫዬ ቀዘቀዘ። በረዶው ስንረግጠው ይንጫጫል። እናንተ ጋ ዛሬ ፀሐይ ናት?»

በጥያቄ ጨርሱ፤ ልጁ የሚመልሰው ነገር ያገኛል። የአገሩን ሕዝብ ብዛትና ስፋት አትዘርዝሩ፣ መምህሩ ይነግረዋል። ያልሆነውንም አትጻፉ፤ ቡሬ ድብ አላየም ከሆነ አላየም ነው። አብሮት በሚመለሰው ደብተር ላይ ደግሞ ልጆቻችሁ ሥዕል ይሣሉ፣ የትራም ትኬት ይለጥፉ፣ የኮርቫፑስቲውን አሠራር በአማርኛ ይጻፉ። አገር ቤት ብዙ ልጅ ስልክ ስለሌለው የሚነካው ደብተር ዋጋው ከፎቶ ይበልጣል።

7. መመለሻው

ከመላካችሁ ሦስት ቀን በፊት ከቤት አይውጣ። ቆሻሻ ካለው ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና በጨርቅ ጥረጉት፤ ባለቤቱ ካልፈቀደ በማሽን አይታጠብ። ከማሞቂያ ርቆ ፎጣ ላይ ተኝቶ ይድረቅ። ሆዱን ጨመቅ አድርጋችሁ በጉንጫችሁ ንኩት፤ ከቀዘቀዘ ገና እርጥብ ነው። እርጥብ ሆኖ ከታሸገ በመንገድ ይሻግታል። ውጭው ደረቅ ብርድ ከሆነ ፊንላንዶች ምንጣፍ እንደሚያደርጉት በንጹሕ ደረቅ በረዶ ላይ ነካ ነካ አድርጋችሁ ብታራግፉት አቧራውን ይወስደዋል።

ስጦታው ቀላል ይሁን፦ አንጸባራቂው፣ የካልሲው ኮፍያ፣ ደብተሩ፣ ከልጆቻችሁ አንድ ሥዕል። ምግብ፣ ሻማና ፈሳሽ ነገር አትክተቱ። የመጀመሪያውን ቀን መዝገብ አውጡና አብሮት የመጣውን አንድ በአንድ አመሳክሩ። አሻንጉሊቱን በፕላስቲክ፣ ደብተሩን በሌላ ፕላስቲክ፣ ሁለቱን በጠንካራ ካርቶን። በጉምሩክ መግለጫው ላይ «ያገለገለ የጨርቅ አሻንጉሊት፣ ለባለቤቱ የሚመለስ» ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ወደ ኢትዮጵያ ከሆነ የተቀባዩ የፖስታ ሳጥን ቁጥርና ስልክ ቁጥር በግልጽ ይኑር፤ ያለ ሁለቱ ጥቅሉ ባለቤቱን አያገኝም።

ክትትል ያለበትን አገልግሎት ምረጡ። የመከታተያ ቁጥሩን ለወላጅ ወይም ለመምህሩ በዚያው ቀን ላኩ፤ ልጁ አቅፎት የተነሳው ፎቶ እስኪደርሳችሁ ድረስም ደረሰኙን አትጣሉ።